ለጉዲት ማን ይጻፍላት?

የባትማንን ካርቱን ያየ ሰው ሃርሊ ኩዊንን ያውቃታል። እ.ኤ.አ. በ1992 ፖል ዲኒና ብሩስ ቲም የጆከር አጃቢ አድርገው ፈጠሯት፤ ተመልካች ወደዳትና በዚያው ቀረች። በ1994 ደግሞ «ማድ ላቭ» የተሰኘው ኮሚክስ የኋላ ታሪኳን ነገረን፦ የአእምሮ ሐኪም ነበረች፣ ታካሚዋን ወደደች፣ በዚያው ጠፋች። ከዚያ ወዲህ ክፋቷን ብናውቅም ልንፈርድባት ስንል ትንሽ እንሳሳለን።

የእኛስ? እኛ ዘንድ በዝና ዮዲት ጉዲትን የምታክል ክፉ ሴት የለችም። ባደግሁበት በመርጡለ ማርያም ደግሞ ስሟ ሩቅ አይደለም። የአገሬው ትውፊት እንደሚለው ቤተ ክርስቲያኗን አብርሃና አጽብሐ ተከሏት፣ ዮዲት አጠፋቻት፣ እቴጌ እሌኒ መልሰው አሠሯት፣ ኋላ ግራኝ አፈረሳት።

ስሞቿን እንያቸው። «ጉዲት» ጉድ ከሚለው ቃል የወጣ ነው፣ «እሳቶ» ደግሞ ከእሳት። ሁለቱም ጠላት ያወጣላት ስም ይመስላሉ። «ዮዲት» ግን በመጽሐፍ ቅዱሳችን ሕዝቧን ከጠላት ያዳነች ጀግና ስም ነው። እናቷ ምን ብላ ትጠራት እንደነበር ማንም አልጻፈልንም።

እርግጥ የኋላ ታሪክ አላት። በአንዱ ትውፊት ከንጉሥ ዘር የተወለደች ድሃ ሴት ናት፤ የወደዳት ዲያቆን ለጫማዋ ብሎ ከአክሱም ጽዮን የወርቅ መጋረጃ ይቆርጣል። መጋረጃውን የቆረጠው እሱ፣ ጡቷን የተቆረጠችው እሷ! ተሰዳ፣ አግብታ፣ ጦር ይዛ ትመለሳለች። ይሄ ተረት ከማንኛውም ኮሚክስ አያንስም፤ ችግሩ አንድ ሙሉ ጦርነት ወደ ጫማና ወደ በቀል ማነሱ ነው።

በዘመኑ የተጻፈው ሌላ ነገር ይነግረናል። አረቡ ኢብን ሐውቀል በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የሐበሻን ንጉሥ ገድላ ለ30 ዓመት ያህል የገዛች ንግሥት እንዳለች ጽፏል። በእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ውስጥ ደግሞ የኢትዮጵያ ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ጊዮርጊስ የላከው የጭንቅ መልእክት አለ፦ አንዲት ንግሥት ከተሞችን አቃጠለች፣ አብያተ ክርስቲያናትን አፈረሰች፤ ጳጳስ እንዲላክልን አማልደን። ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ የንግሥቲቱ ወገን ስም «ዳሞት» ተብሎ መነበብ አለበት ባይ ነበር። ያኔ ዳሞት ከዓባይ ማዶ፣ በስተደቡብ ነበረች። እሱ ልክ ከሆነ ጉዲት የተሰደደች ልዕልት መሆኗ ቀርቶ የራሷ አገር ያላት ገዢ ትሆናለች። ሌሎች ሊቃውንት አይስማሙበትም።

አሁን ወደ እቴጌ እሌኒ እንምጣ። እሳቸውም ከውጭ የመጡ ናቸው፤ አባታቸው የሐዲያ ገዢ፣ ሙስሊም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1508 ልብነ ድንግል በልጅነቱ ሲነግሥ አገር የመሩት እሳቸው ናቸው። ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ልከዋል። የመርጡለ ማርያም የተቀረጸ ድንጋይ ፍርስራሽም፣ ኢየሱሳውያን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጨመሩት ቢኖርበትም፣ እስከ ዛሬ ስማቸውን ያስጠራል።

ሁለት ከውጭ የመጡ ኃያላን ሴቶች፣ አንድ ደብር። አንዷ ደብዳቤና ድንጋይ ትተዋል። የሌላዋ ታሪክ የቀረው በጠላቷ ደብዳቤ ነው።

ጉዲትን ንጹሕ ናት እያልኩ አይደለም። የተቃጠለው ተቃጥሏል፣ የሞተውም ሞቷል። ግን 30 ዓመት ሙሉ ሲያቃጥሉ መኖር አይቻልም። በነዚያ ዓመታት ግብር የሰበሰበ፣ ዳኝነት የተቀመጠ፣ ያረሰና የዳረ ሰው ነበረ። ንግሥቲቱስ ምን ፈልጋ ተነሣች? ሕዝቧስ ማን ይላት ነበር? ይህን ካልጠየቅን አንድ የታሪካችንን ዘመን በአንዲት ሴት ክፋት ዘግተን ማለፋችን ነው።

ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር»ን ካወጣ ወዲህ የራሳችንን ጀግኖች ተስለው ማየት ጀምረናል። አንድ ቀን ጉዲትን የሚስላት ልጅ ይመጣል። መጥቶ ምክር ቢጠይቀኝ፣ ጫማውን ተወውና ከ30ው ዓመት ጀምር እለዋለሁ።