ከዋግሹም ወንበር እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት፦ የፕሬዝዳንት ምርጫ ከሰቆጣ ሲታይ

መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በጋራ ተሰብስበው አምባሳደር ታዬ አጽቀ ሥላሴን የኢትዮጵያ ፕሬዝዳንት አድርገው መረጡ። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በነሐሴ 1987 ዓ.ም. ከተመረጡ ወዲህ አምስተኛው መሆናቸው ነው። የቀረበው ዕጩ አንድ ነበር፤ ድምፅ ተሰጠ፤ ቃለ መሐላ ተፈጸመ። እንዲህ ያለ ሹመት በተሰጠ ቁጥር ክርክሩ የሚያተኩረው በተሿሚው ማንነት ወይም በቦታው አቅም ማነስ ላይ ነው። ይህ መጣጥፍ ግን ጥያቄውን ከሌላ ወገን ያነሣል፦ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የዋግ ኽምራ ሰው ድምፅ የት ነበር? ክብደቱስ ምን ያህል ነው?

ዋግ ኽምራ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መፈተኛ ነው። በአማራ ክልል ውስጥ የራሱ ምክር ቤት ያለው የብሔረሰብ አስተዳደር ነው፤ ርዕሰ ከተማው ሰቆጣ ነው፤ አገው ኽምራ በፌዴሬሽኑ ዓይን ራሱን የቻለ ብሔረሰብ ነው። የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የዞኑን ነዋሪ 426,213 አድርጎ መዝግቦታል። በዚያው ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ ወደ 74 ሚሊዮን ይጠጋ ስለነበር፣ ከሺህ ኢትዮጵያውያን ስድስቱ የዋግ ኽምራ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ይህን ያህል ትንሽ የሆነ ሕዝብ በአንድ ሰው ምርጫ ላይ እንዴት ድምፅ ሊኖረው ይችላል የሚለው የፌዴራሊዝም ዋና ጥያቄ ነው።

የቦታው ሥልጣን

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ፕሬዝዳንቱ ርዕሰ ብሔር ነው፤ የአስፈጻሚነቱ ሥልጣን ግን በአንቀጽ 72 ለጠቅላይ ሚኒስትሩና ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ተሰጥቷል። ፕሬዝዳንቱ የምክር ቤቶቹን ዓመታዊ ስብሰባ ይከፍታል፤ አምባሳደሮችንና ከፍተኛ የጦር መኮንኖችን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ይሾማል፤ ይቅርታ ያደርጋል። ጸድቆ የቀረበለትን ሕግ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረመ ሕጉ ያለ ፊርማው በሥራ ላይ ይውላል። የሥራ ዘመኑ ስድስት ዓመት ሆኖ ከሁለት ጊዜ በላይ ሊመረጥ አይችልም፤ እስካሁን ሁለቱን ዘመን የፈጸመው ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ብቻ ነው። ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን እንዲህ ያለ ገደብ የለም። ሥልጣን የሌለው በዘመን ተወስኖ ሥልጣን ያለው ሳይወሰን መቅረቱን የሕገ መንግሥት ምሁራን ችላ የሚሉት ለምን እንደሆነ ይገርመኛል።

አርቃቂዎቹ ቦታውን እንዲህ ባዶ ያደረጉት ያለ ምክንያት አይመስልም። ጳጉሜን 5 ቀን 1979 ዓ.ም. 835 አባላት የነበሩት ብሔራዊ ሸንጎ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን የሕዝባዊት ዲሞክራሲያዊት ኢትዮጵያ ፕሬዝዳንት አድርጎ መርጦ ነበር። ያ ፕሬዝዳንት የጦሩም የፓርቲውም የመንግሥቱም አናት ነበር፤ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥሎ እስኪሄድ ድረስ የሚጠይቀው አካል አልነበረም። ከአራት ዓመት በኋላ የተጻፈው ሕገ መንግሥት ፕሬዝዳንቱን አቅም ነሥቶ ሥልጣኑን ወደ ምክር ቤቱ አዞረው። አንዱን ገደል ሲሸሹ ወደ ሌላው መጠጋታቸውን በኋላ ያየነው ነው፤ የምክር ቤቱን ወንበር ሁሉ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ሲይዙት፣ ሥልጣን ከሸንጎው ዘመን ባልተናነሰ በአንድ እጅ ተሰብስቧል።

ሁለት ሦስተኛው

የምርጫውን ሥርዓት የሚደነግገው አንቀጽ 70 ነው። ዕጩውን የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያጸድቀው ተመረጠ ይባላል። በወረቀት ሲነበብ የብሔረሰቦቹ ምክር ቤት ከሕዝብ ተወካዮች ጋር እኩል የሚመክር ይመስላል። ሒሳቡ ግን ሌላ ይናገራል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫዎች አሉት፤ ከነዚህ 138ቱ የአማራ ክልል ናቸው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ለእያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ አንድ ወንበር፣ ከዚያም በየአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ተጨማሪ ወንበር ይሰጣል። ሁለቱ ሲደመሩ ድምፁ የሚቆጠረው በአንድ ሣጥን ነው። የመቀመጫዎቹ ቁጥር ሙሉ ቢሆን፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት ከ273 እስካልበለጡ ድረስ፣ 547ቱ ብቻቸውን ሁለት ሦስተኛውን ይሞላሉ፤ ምክር ቤቱ ደግሞ የዚያን ያህል አባላት ኖረውት አያውቅም። በሌላ አነጋገር የብሔረሰቦቹ ተወካዮች አንድ ሳይቀሩ ተቃውመው ቢወጡ እንኳ ፕሬዝዳንት ሊመረጥ ይችላል። የኽምራው ተወካይ በዚያ አዳራሽ እጁን ያወጣል፤ እጁ ግን የሚዛኑን ጫፍ አይነካም። ሁለቱ ምክር ቤቶች ለየብቻ ቢቆጠሩ፣ በእያንዳንዱም ሁለት ሦስተኛ ቢያስፈልግ ኖሮ ነገሩ ይለወጥ ነበር። ይህን ያህል ቀላል ልዩነት በአርቃቂዎቹ ዘንድ ተመዝኖ የተጣለ መሆን አለመሆኑን ከአንቀጹ ማወቅ አይቻልም፤ ውጤቱ ግን ግልጽ ነው።

የባሰው ደግሞ ተወካዩ የሚመረጥበት መንገድ ነው። አንቀጽ 61 ንዑስ አንቀጽ 3 የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን የክልል ምክር ቤቶች እንዲመርጡ፣ ወይም ምርጫ አካሂደው በሕዝብ በቀጥታ እንዲመረጡ እንዲያደርጉ ይፈቅዳል። በተግባር የሚሠራው የመጀመሪያው ነው። የኽምራን ብሔረሰብ ወክሎ አዲስ አበባ የሚቀመጠው ሰው ሹመቱን የሚያገኘው በባሕር ዳር ነው እንጂ በሰቆጣ አይደለም። ይህ ወንበር ደግሞ ለማዕረግ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉም አካል ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የተላለፈው አገራዊ ምርጫ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መልክ የያዘው፣ የምክር ቤቶቹ ዘመንም የተራዘመው በዚሁ ምክር ቤት ትርጓሜ ነው። ስለዚህ ከጻግብጂና ከዝቋላ ገበሬ ጀምሮ እስከ ሰቆጣ መምህር ድረስ የማያውቁት አንድ ተወካይ በአገሪቱ ትልልቅ የፖለቲካ ውሳኔዎች ላይ በስማቸው ይፈርማል።

ወንበሩና ምድሩ

ዋግ ለክብር ወንበር እንግዳ አይደለም። ዋግሹሞች የዛጉዌ ነገሥታት ዘር ነን ይሉ ነበር፤ በትውፊት እንደሚነገረውም ዙፋኑ ወደ ይኩኖ አምላክ ዘር ሲመለስ ለዋጉ ሹም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ ማዕረግ ቀረለት። ትውፊቱን እንደ ታሪክ ሰነድ መውሰድ አያሻም፤ የፖለቲካ ቋንቋው ግን ልብ ሊባል ይገባል። ማዕረጉ ከምድሩ ጋር የተሳሰረ ነበር። ዋግሹም በንጉሡ ፊት የሚቀመጠው ከኋላው ዋግ ስላለ ነው፤ ግብር የሚሰበስብበት፣ ጦር የሚያስከትትበት፣ የሚፈርድበት አገር ነበረው። ሬሳቸው ከሰቆጣ አጠገብ ባለው ከአለት በተፈለፈለው በውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ በሣጥን ተቀምጦ የሚገኘው መሳፍንት ክብራቸውን ያገኙት ከአዲስ አበባ አልነበረም።

ይህ ማለት የጥንቱ ሥርዓት ይሻል ነበር ማለት አይደለም። የዋግ ገበሬ ዋግሹምን አልመረጠም፤ ዋግሹም ጎበዜም አጼ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ አጼ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ሲነግሥ ማንንም አላማከረም። ንግሡ የቆየው ሦስት ዓመት ነው፤ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሳ፣ በኋላ በአጼ ዮሐንስ 4ኛ ተሸንፎ ተያዘ። ከዚያ ወዲህ ዋግ ለማዕከሉ ሰው ሰጠ እንጂ ማዕከል አልሆነም። ዋግሹም ኃይሉ ከበደ በ1930 ዓ.ም. መባቻ ከጣልያን ጋር ሲዋጉ ሕይወታቸውን ሰጥተዋል።

ዋግ ወደ ማዕከሉ የሚቀርብበት ሁለተኛው አጋጣሚ የመጣው በትጥቅ ትግሉ ዘመን ነው። በኅዳር 1973 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ፣ ኢሕዴን፣ ጉልበቱን ካበጀባቸው ሥፍራዎች ዋነኛው ይህ ምድር ነበር። ድርጅቱ በ1986 ዓ.ም. ብአዴን፣ በ2011 ዓ.ም. አዴፓ ሆነ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በብልጽግና ውስጥ ከሰመ። ታጋይን የሸሸገና ያበላ ገበሬ ድርጅቱ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ እዚያው ቀረ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር በ2030 (እ.ኤ.አ.) ለማጥፋት ቃል ሲገባ ሰነዱን የሰቆጣ ቃል ኪዳን አለው። ስሙን ያገኘው በረሃብ ከሚታወቅ አገር መሆኑ ትክክል ነው፤ ሆኖም አንድ ሕዝብ በአገሩ ፖለቲካ ውስጥ የሚታወቀው በችግሩ ብቻ ሲሆን የሚጎድለው ነገር እርዳታ ብቻ አይደለም።

በቀጥታ ቢመረጥስ?

ፕሬዝዳንቱ ሥልጣን ይኑረው፣ ሕዝቡም በቀጥታ ይምረጠው የሚለው ሐሳብ በተቃዋሚዎችም በምሁራንም ዘንድ ደጋፊ አለው፤ አገራዊ ምክክሩም የመንግሥትን ቅርጽ የሚመለከቱ ጥያቄዎችን ሊሸሽ አይችልም። የሐሳቡ ማራኪነት ይገባኛል። ከአበርገሌ ቆላ እስከ ጋዝጊብላ ደጋ ያለ መራጭ አንድ ጊዜ እንኳ የአገሪቱን መሪ በስሙ መርጦ የማያውቅ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ዝርዝሩ ካልታየ ለዋግ የሚተርፈው ስድስት በሺህ ነው፤ ለዚህ ያህል ድምፅ የትኛውም ዕጩ የተከዜን ተፋሰስ አቋርጦ አምደወርቅ ድረስ አይወጣም።

ሌሎች አገሮች ለዚህ ችግር መላ ፈልገውለታል። ናይጄሪያ ከብያፍራ ጦርነት በኋላ በ1979 (እ.ኤ.አ.) ወደ ሲቪል አስተዳደር ስትመለስ ዕጩው ብዙ ድምፅ ማግኘቱ ብቻ እንዳይበቃ ደነገገች፤ ከክልሎቹ ቢያንስ በሁለት ሦስተኛው ውስጥ ሩብ ድምፅ ማግኘት ነበረበት። ክልሎቹ 19 ስለነበሩ ሁለት ሦስተኛው 12 ከሁለት ሦስተኛ ሆነ፤ ዕጩው ሼሁ ሻጋሪ በ12ቱ ብቻ ሩቡን በማግኘቱ ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርዱም ለሻጋሪ ሆነ። ኬንያም በ2010 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥቷ ከግማሽ በላይ ድምፅ ላይ በ47ቱ ካውንቲዎች ቢያንስ በ24ቱ ሩብ ድምፅ እንዲገኝ ታዛለች። የነዚህ ደንቦች ቁም ነገር መለኪያው ክፍል ነው። ኢትዮጵያ ዛሬ 12 ክልሎች አሏት። የሩብ ድምፁ ገደብ በክልል ቢለካ ዋግ በአማራ ክልል ሕዝብ ብዛት ውስጥ ይጠፋል፤ ዕጩው ጎንደር፣ ባሕር ዳርና ደሴን ካገኘ ሰቆጣን አያስፈልገውም። በብሔረሰብ አስተዳደርና በዞን ቢለካ ግን አዊም፣ የከሚሴው የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደርም፣ ዋግ ኽምራም ከሌላው ጋር እኩል ክብደት ያገኛሉ። ይህ ጥያቄ ከፕሬዝዳንታዊና ከፓርላማዊ ሥርዓት ክርክር ይቀድማል ብዬ አምናለሁ፤ ብዙ ጊዜ ግን አይነሣም።

አሁን ያለውን የተዘዋዋሪ ምርጫ ሳይለቁ የሚሻሻልበትም መንገድ አለ። ሕንድ ፕሬዝዳንቷን የምትመርጠው የፌዴራሉን ፓርላማ አባላት ከክልል ምክር ቤቶች አባላት ጋር አድርጋ ነው። ጀርመን ከቡንደስታግ አባላት ጋር እኩል ቁጥር ያላቸውን የክልሎች መራጮች ትጠራለች። ጣልያን ለእያንዳንዱ ክልል ሦስት ተወካይ፣ ለትንሿ ቫሌ ዳኦስታ አንድ ትጨምራለች። በኢትዮጵያም የክልልና የብሔረሰብ ምክር ቤቶች መራጭ ቢሆኑ፣ ዕጩ የማቅረብ መብትም ቢኖራቸው ተመራጩ የአንድ ፓርቲ ተሿሚ ብቻ መሆኑ ይቀር ነበር። ይህ ግን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ይጠይቃል፤ አንቀጽ 105 ደግሞ የሁለቱን ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛና የክልል ምክር ቤቶችን ሁለት ሦስተኛ ይፈልጋል።

ድምፅ የሚሰጠው ማን ነው?

ከሒሳቡ በፊት የሰው መኖር ይቀድማል። ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደበት ክረምት የትግራይ ኃይሎች ሰቆጣን ያዙ፤ ከተማዋ ነፃ የወጣችው በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ነው። አበርገሌና ጻግብጂ ከዚያም በኋላ የሸሸውን ሕዝባቸውን በሰቆጣ ዙሪያ ባሉ መጠለያዎች አዩት። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ አንድ ዓመት ሳይሞላው የአማራ ክልል ወደ ሌላ ግጭት ገባ፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። የምርጫ ሕጉ፣ ዐዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ ለተፈናቃዮች ልዩ ጣቢያ እንዲከፈት ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በየጊዜው የሚፈናቀል ሰው መታወቂያው፣ ቀበሌው፣ የተመዘገበበት መዝገብ አብረውት አይዞሩም። ለሰባተኛው ምርጫ ዝግጅት ትልቁ ፈተና በዋግ የዕጩ ማጣት ሳይሆን የመራጭ መበተን ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቻለው ይደረግ። የአማራ ክልል ምክር ቤት የኽምራንና የአዊን ብሔረሰብ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ተወካዮች ራሳቸው ሕዝቦቹ በቀጥታ እንዲመርጡ ይወስን። የብሔራዊ ምርጫ ቦርድም ተፈናቃዮቹን ባሉበት ይመዝግብ። ሕገ መንግሥት ማሻሻል አያስፈልግም፤ አንቀጽ 61 በሩን ከፍቶት ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፤ የሚጎድለው የክልሉ ምክር ቤት አንድ ውሳኔ ብቻ ነው።