የክረምት እንግዳ፤ ከሐይቅ ደሴት እስከ ግሸን አምባ

በአምባሰል ደጋ ነሐሴ ከገባ በኋላ ከአንድ ቤት የደረሰ እንግዳ የሚመለስበትን ቀን የሚቈርጠው እርሱ ራሱ አይደለም፤ የሚቈርጥለት ወንዙ ነው። በማለዳ ቍርጭምጭሚት እንኳ የማያርስ የነበረው ጅረት፣ ከቀትር በኋላ ጉሙ አምባውን ሲጠቀልለውና ነጐድጓዱ ከሩቅ ሲያጕረመርም፣ ድንጋዩን ከድንጋይ እያላተመ፣ ከሥሩ የነቀለውን ዛፍ እያንከባለለ፣ የገበሬውን ቀይ አፈር ተሸክሞ ሲወርድ፣ ከወዲህ ያለው ሰው ከወዲያ ካለው ጋር ተጠራርቶ መሰማማት እንኳ ያቅተዋል። እኔም በወጣትነቴ ለሁለት ሌሊት ብዬ ወደዚያ አገር ወጥቼ ዘጠኝ ሌሊት ያደርሁት በዚህ ምክንያት ነበር። ደጋግሜ ወደ ደጅ ብቅ እያልሁ ሰማዩን ስመለከት ያዩኝ የቤቱ እመቤት፣ «አብሽር ልጄ፤ ወንዙ ይጕደልና ትሄዳለህ፤ እስከዚያው ይህ ቤትህ ነው» ብለው ጋቢ ደረቡልኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ክረምትና ስለ እንግዳ የተጻፈ ነገር ባገኘሁ ቍጥር የማነበው በእኒያ ሴት ምድጃ አጠገብ እንደ ተቀመጥሁ ሆኜ ነው።

ክረምት የሚለው ቃላችን፣ ፈረንጆች በየቋንቋቸው ለብርድ ወራት ከሰጡት ስም ጋር በመዝገበ ቃላት ጐን ለጐን ቢሰለፍም፣ ዘመኑም ጠባዩም ሌላ ነው። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን በአራት ከፍለው፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መጸው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ሐጋይ ወይም በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት ብለው ሲወስኑ፣ የክረምቱ ምልክት ያደረጉት ውርጭን ሳይሆን ዘርንና ደመናን፣ መብረቅንና ነጐድጓድን፣ ባሕርንና አፍላግን ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ በሰሜን አውሮፓ ጫፍ በምትገኘው በፊንላንድ የሚኖሩ ሰዎች ግን ክረምት የሚሉት፣ በላፕላንድ ምድራቸው ፀሐይ ከአድማስ በላይ ብቅ ሳትል ሳምንታት የምትሰነብትበትን፣ ሐይቆቻቸውም ሰውንና ጭነትን የሚሸከም ግግር የሚሆኑበትን ወራት ነው። ያ ጊዜ በኛ ዘንድ እህል ታጭዶ የሚወቃበት፣ ቀኑ የጠራ፣ ሌሊቱ ግን በደጋው ሣሩን በውርጭ የሚያነጣ መጸውና በጋ ነው። እንዲህ ወራቱ ቢለያይም፣ በሁለቱም አገር በክረምት መንገዱን የሚገዛው ውሃ ነው፤ በኛ ዘንድ ሞልቶ ይዘጋዋል፣ በእነርሱ ዘንድ ረግቶ ይከፍተዋል።

የኛን ክረምት በእንግዳ ዓይን አይተው ከጻፉት ሁሉ ቀዳሚውን ስፍራ የምሰጠው ለፖርቱጋላዊው ቄስ ለፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። በ1512 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፣ በዶን ሮድሪጎ ደ ሊማ ከሚመራው መልእክተኛ ጓድ ጋር በምጽዋ ወርዶ፣ ወደ ዓፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ለመድረስ ትግራይንና አንጎትን አቋርጦ ወደ አምሐራ የዘለቀው ይህ ሰው፣ 6 ዓመት ያህል በአገራችን ሰንብቶ ያየውን የጻፈበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1540 በሊዝበን ታትሟል። በዚያ መጽሐፍ፣ የኢትዮጵያ ክረምት ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መባቻ ግድም መሆኑንና በነዚያ ወራት የአገሩ ሰው መንገድ እንደማይወጣ መዝግቧል፤ ፖርቱጋሎቹ ግን የአገሬውን ልማድ መጠበቅ አልሆነላቸውምና ተጓዙ። ከዕለታት አንድ ቀን ውሃ በሌለበት የወንዝ ዳር ድንኳን ተክለው ሳሉ፣ ነጐድጓድ ከሩቅ ተሰማ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ጐርፉ ድንጋይ እያንጓለለ ደርሶ ዕቃቸውን ጠራርጎ ወሰደው። በአምባሰል ጅረት ዳር ቆሜ ያንን ድምፅ ሰምቼዋለሁና፣ ከመጽሐፉ ሁሉ ይህን ገጽ ሳነብ ቄሱን እንደ ጓደኛዬ እቈጥረዋለሁ።

ሌላም የጻፈው ነገር አለ፤ ይህም በቸልታ ሊታለፍ የማይገባው ነው። መልእክተኞቹ የንጉሥ እንግዶች ነበሩና ድርጎ ይሰጣቸው ዘንድ በየአገሩ ሹም ላይ ታዞ ነበር፤ ድርጎው የዘገየ እንደ ሆነ አብሯቸው የሚሄደው መነኵሴ ሹሙንና ባላገሩን እስከ ማስገረፍ ይደርስ እንደ ነበር አልቫሬዝ አይሸሽግም። ስለዚህ ያ እንግዳ ያየው እንጀራ አብዛኛው በትእዛዝ የቀረበ እንጀራ ነበር። ባላገሩ በገዛ ፈቃዱ፣ ለማያውቀው መንገደኛ፣ በጨለማና በዝናም ደጁን ሲከፍት የሚያደርገውን ለማየት፣ በንጉሥ ስም የሚሄድ ሰው ዕድል የለውም። የክረምታችን ታሪክ ከጎደለበት ዋናው ይህ ይመስለኛል፤ የጻፉት መንገደኞች ናቸውና መንገዱን ጻፉት፣ ምድጃውን ግን ሳይጽፉት አለፉ።

ወደ ሐይቅ ሲደርስ ግን የቄሱ ብዕር ይለሰልሳል። ሐይቅ በግእዝ የባሕር ዳርቻ ማለት ነው፤ ዳርቻው ለውሃው፣ ውሃውም ለገዳሙና ለከተማው ስም ሆነ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተሂዶ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,900 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የሚገኘው ይህ ውሃ፣ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ከጐረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በአንካርካ ወንዝ በኩል የሚወርድለትን ይቀበላል እንጂ፣ ከእርሱ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። አልቫሬዝ በዚህ ውሃ መካከል በትንሽ ደሴት ላይ የቆመውን የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ብዙዎቹን መነኮሳት፣ ብርቱካኑንና ሎሚውን ትርንጎውንም ያነሣል፤ መነኮሳቱ የሚሻገሩበትን፣ ከደንገል ተሠርቶ በአራት ታላላቅ ቅሎች የተደገፈ ታንኳም ይገልጻል፤ በውሃው ውስጥ የሚኖረውንም አውሬ በገዛ ቋንቋችን ጉማሬ ብሎ ይጠራዋል። የውጭ አገር ሰው በእንግድነቱ የሰማውን ቃል እንደ ሰማው ይዞ መሄዱ አክብሮት ነው።

ያ ደሴት ያን ጊዜ አረጋዊ ነበረ። በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከደብረ ዳሞ ተነሥተው የመጡት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ገዳሙን የትምህርት አምባ አደረጉት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ተማሩ፤ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫም ከብዙ ጊዜ በኋላ በዚያው ደቀ መዝሙር ሆነው፣ ትምህርቱ አልገባ ብሏቸው በወፍጮ ሲያገለግሉ እንደ ኖሩ፣ ኋላም ምሥጢር እንደ ተገለጠላቸው ይተረካል። የገዳሙ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ ጋር ይቈጠር ነበር። ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። በ1524 ዓ.ም. ግድም የኢማም አሕመድ ሠራዊት በታንኳ ተሻግሮ በመጣ ጊዜ፣ መነኮሳቱ የገዳሙን ሀብት ሰጥተው ቤተ ክርስቲያኑን ከእሳት ማትረፋቸውን የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ዓረብ ፈቂህ ተርኮታል። ዛሬ ውሃው ሸሽቶ ደሴቱ ከየብስ ጋር በመያያዙ በእግር ይገባበታል። ሆኖም ከክረምቱ ክፍላት አንዱን፣ በነሐሴ የሚውለውን፣ አባቶች ዕጓለ ቋዓት ደሰያት ዓይነ ኵሉ ብለው ሲሰይሙት፣ ማለት የቍራ ልጆች፣ ደሴቶች፣ የሁሉም ዓይን ብለው በአንድነት ሲያስታውሱ፣ ነጠላውን ተከናንቦ በጉም ውስጥ የተቀመጠውን ሐይቅ እስጢፋኖስን ያየ ሰው፣ ስሙ ለዚህ ስፍራ የወጣ ይመስለዋል።

በፊንላንድ ታሪክም የደሴት ገዳም አለ፤ እርሱም በላዶጋ ሐይቅ የነበረው የቫላሞ ኦርቶዶክሳዊ ገዳም ነው። በ1932 ዓ.ም. የሶቭየት ኅብረትና የፊንላንድ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ በዚያው የብርድ ወራት መነኮሳቱ ሥዕሎቻቸውንና ንዋያተ ቅድሳቱን ጭነው፣ በረጋው ሐይቅ ላይ በበረዶ መንገድ ተሰደዱ፤ በሄይናቬሲም አዲስ ቫላሞን ተከሉ። የሐይቅ መነኮሳት በታንኳ የመጣባቸውን መከራ፣ የቫላሞ መነኮሳት በበረዶ ካመለጡት መከራ ጋር ሳስተያየው፣ ክረምት ጨካኝ ነው የሚለውን አሳብ ሙሉ በሙሉ ለመቀበል ይቸግረኛል፤ ለእነዚያ አረጋውያን ድልድይ የሆናቸው ብርዱ ነበርና።

ብርድና ጸሎት የተገናኙበትን አንድ ሌሊት ደግሞ አልቫሬዝ ራሱ አይቷል። በጥምቀት በዓል ንጉሡ በሰፈረበት ታላቅ ገንዳ ተቈፍሮ፣ በሳንቃ ተለብጦ፣ ውሃ በቦይ ገብቶበት፣ ሕዝቡ ከሌሊት ጀምሮ እየወረደ ሲጠመቅ፣ የንጉሡ መምህር የነበሩት ሽማግሌ ካህን በውሃው ውስጥ ራቁታቸውን ቆመው፣ በዚያ ሌሊት ብርቱ ውርጭ ወርዶ ነበርና፣ በብርድ ሊሞቱ ደርሰው እንደ ነበር ይናገራል። ንጉሡም የአልቫሬዝን አሳብ ቢጠይቀው፣ በየዓመቱ መጠመቅ አይገባም ብሎ መለሰ። ቄሱ የተከራከረው ስለ ሥርዓተ ሃይማኖት ነው፤ ብቻ እኔ ዓይኔ የሚቀረው በሽማግሌው ላይ ነው። ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ሕዝቡን አንድ በአንድ እየተቀበሉ እስከ ንጋት የቆሙትን አባት፣ እንግዳው በአንድ መስመር አልፏቸዋል።

በፊንላንድም ሰዎች የረጋውን ሐይቅ በመጥረቢያ ፈልፍለው ከቀዳዳው ውሃ ይገባሉ፤ በዚያ አገር ያሉ ኦርቶዶክሳውያን በጥምቀት ዕለት ውሃውን ባርከው እንዲሁ ያደርጋሉ። ከውሃው የወጣው ሰው የሚገባባት የሳውና ቤት፣ ድንጋይ በእሳት ግሎ ውሃ የሚረጭበት የእንጨት ጎጆ ናት፤ ቀድሞ እናቶች የሚወልዱባት፣ ሬሳም የሚታጠብባት ስለ ነበረች፣ ድምፅ ከፍ አድርጎ መናገር እንደ ነውር ይቈጠርባታል። በልደት ዋዜማ ቤተ ሰቡ በሳውና ታጥቦ፣ ወደ መካነ መቃብር ሄዶ በወዳጆቹ መቃብር ላይ በበረዶው መካከል ሻማ ያበራል። የኛ ጥምቀት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም.፣ የእነርሱ ሳውና በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ መግባታቸውን ስሰማ፣ ደስታዬ እጥፍ ነበር።

ስለ አምባ ግሸን ብዙ ስለ ተጻፈ አላስረዝምም። የነገሥታት ልጆች በጥበቃ የሚኖሩበት ያ አምባ በአልቫሬዝ ዘመን እንግዳ የማይቀርበው ነበር፤ እርሱም ከግርጌው አልፎ የሰማውን ጻፈ። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቈይቶ በ1834 ዓ.ም. ከአንኮበር ተነሥቶ በወሎ ያለፈው ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍም፣ በዚህ አገር መንገድ የተዘረፈበትን ኀዘን ይዞ ሄደ። ሁለቱም የጻፉት እውነት ነው፤ ከግርጌና ከመንገድ የታየ እውነት።

ከውስጥ የታየው ይህ ነው። በዚያ ነሐሴ የተቀበለኝ ቤት የእስላም ቤት ነበር፤ እኔ ደግሞ በጾመ ፍልሰታ ላይ ነበርሁ። የቤቱ እመቤት ይህን እንዳወቁ አንድም ቃል ሳይናገሩ ከቆጡ ላይ አንድ ድስት አወረዱ፤ ለክርስቲያን እንግዳ ተብሎ ለብቻው የሚቀመጥ፣ ሥጋ ያልነካው ድስት ነበር። በእርሱ ሽሮ ተሠራልኝ፤ እኔ እስከ ቀትር በኋላ ሳልበላ ስለምቈይ፣ ልጆቹ በፊቴ እንዳይበሉ በዓይናቸው ይጠቅሷቸው ነበር። ማታ ማታ ጭሱ ከጣራው ሣር ውስጥ እየተመላለሰ፣ ባቄላው በምጣድ እየተንጣጣ፣ ጀበናው ከአቦል ወደ ቶና፣ ከቶና ወደ በረካ ሲሻገር፣ ጐረቤቶች ጆንያ ተከናንበው ይሰበሰባሉ፤ ዕጣን ይጨሳል፤ ሽማግሌው ስለ ዘሩ፣ ስለ ከብቱ፣ በመንገድ ስለ ቀሩት ሁሉ ዱዓ ያደርጋሉ፤ መንዙማው ዝናሙን እየተከተለ ዝቅ ከፍ ይላል። አንድ ቀን ምሽት ደበሎ የለበሰ የቆሎ ተማሪ ርሶ ደረሰ፤ በሌላው ምሽት ከሼኹ ዘንድ የሚቀራ ደረሳ መጣ። ለሁለቱም ምድጃው ተለቀቀላቸው፤ ልብሳቸው በእሳቱ ዳር በአንድ ገመድ ላይ ተሰጣ። በቡሄ ዋዜማ የክርስቲያን ጐረቤቶች ችቦ ሲያበሩ ያ ሁሉ ጨለማ ቀይ ሆነ፤ የቤቱም ልጆች ጅራፍ ሊያጮሁ ወጥተው፣ ሙልሙል ይዘው ተመለሱ።

በአሥረኛው ቀን ሰማዩ ከማለዳ ጀምሮ ፈካ። የቤቱ ታላቅ ልጅ ረጅም በትር ይዞ ቀድሞኝ ወደ ውሃው ገባ፤ እየወጋ፣ እየመጠነ፣ እግሬን የማሳርፍበትን ድንጋይ እያሳየ አሻገረኝ። እናቱ የቋጠሩልኝን ቆሎ ከወዲያ ማዶ ሲያቀብለኝ፣ «ለመስከረም 21 የግሸን ተሳላሚዎች በዚሁ ያልፋሉ፤ ያን ጊዜም ውሃው ካልጐደለ እኔ ነኝ የማሻግራቸው» አለኝ። እኒያ ሴት ከማዶው ኮረብታ ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁኝ ነበር። የውሃው ድምፅ ቃላቸውን ከለከለኝ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ግን እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ይታየኝ ነበር።