ጃኮብ ኤፕስታይን፤ ቀራጺና ሠዓሊ (1880–1959)

ያልተለመደ ሥራ ፈራጁ ብዙ ነው። የእንግሊዙ ቀራጺና ሠዓሊ የጃኮብ ኤፕስታይን የሕይወት ታሪክ ይህን በሚገባ ያስረዳል።

ኤፕስታይን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ ናቸው) በ1880 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ከፖላንድ ከተሰደዱ አይሁድ ወላጆች ተወለደ። በወጣትነቱ የሰፈሩን ሰዎች ኑሮ ለሚተርክ መጽሐፍ ሥዕሎች ሠርቶ ባገኘው ገንዘብ በ1902 ወደ ፓሪስ ተሻገረና የቅርጽን ጥበብ ተማረ። በ1905 ለንደን ገብቶ ኑሮውን በዚያ መሠረተ፤ ከዓመታት በኋላም የእንግሊዝ ዜግነት ተሰጠው።

የመጀመሪያው ታላቅ ሥራው በ1908 ለብሪታንያ የሐኪሞች ማኅበር ሕንፃ የቀረጻቸው 18 የድንጋይ ምስሎች ናቸው። የሰውን ዕድሜ ከልደት እስከ እርጅና የሚያሳዩት እነዚህ ምስሎች ዕርቃናቸውን በመሆናቸው በጋዜጣ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣባቸው። ማኅበሩ ግን ስላልተበገረ በቦታቸው ጸኑ። ሕንፃው ወደ ደቡብ ሮዴዥያ መንግሥት እጅ ከተላለፈ በኋላ ግን፣ በ1937፣ ለመንገደኛ ያሠጋሉ ተብሎ ጐላ ብሎ የወጣው የአካላቸው ክፍል ሁሉ ተጠርቦ ወደቀ። በ1925 በሃይድ ፓርክ በቆመው «ሪማ» በተባለው ቅርጽ ላይም ሰዎች ቀለም ደፍተውበታል።

ኤፕስታይን በዚህ ሁሉ እጁን አላጠፈም፤ በአንድ ዓይነት ሥራም አልተወሰነም። ድንጋይ ሲቀርጽ እየቀነሰ፣ የሰው ፊት ሲሠራ ግን ጭቃ በጭቃ ላይ እየጨመረ ነበር፤ በጭቃውም ምስል አምሳል ነሐስ ቀልጦ ይፈስ ነበር። በ1933 የኤፒንግን ደን በውሃ ቀለም ሥሎ ለሕዝብ አሳየ። በዚያው ዓመት የናዚን መንግሥት ሸሽቶ በኖርፎክ አውራጃ የተጠለለውን አልበርት አይንስታይንን በአንዲት ጠባብ ጎጆ ውስጥ አስቀምጦ ምስሉን ሠራ። በ1936ም ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በመውረሯ በስደት እንግሊዝ የገቡትን የንጉሠ ነገሥቱን የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ምስል ሠራ። የስደተኞች ልጅ የሁለቱን ስደተኞች ፊት በነሐስ ለትውልድ አቆየ።

ጊዜ ሲያልፍ ፍርዱም ተለወጠ። በ1954 «ሰር» የሚል ማዕረግ ተሰጠው፤ አብያተ ክርስቲያናትም ሥራ ያዙት። ለኮቨንትሪ ካቴድራል የሠራው የቅዱስ ሚካኤል ሐውልት በ1960 ሲመረቅ ግን እርሱ በሕይወት አልነበረም፤ በነሐሴ 1959 አርፎ ነበር።

ማዕረጉም ሆነ ምስጋናው በ1937 የፈረሰውን አልመለሰም። የለንደኑ ምስሎች ዛሬም እንደ ተቈረጡ በሕንፃው ላይ ይታያሉ። የተማሪን አዲስ ሥራ ለሚመዝን መምህርም ሆነ ለትምህርት ሹም፣ ፍርድ ሊታረም ሲችል በችኰላ የጠፋ ሥራ ግን እንደማይመለስ ያሳስባሉ።