ሴሚናሪው ወደ ተማሪው ሲሄድ

በአጥቢያችሁ እሑድ ጠዋት ቃሉን የሚያካፍለውን፣ ማክሰኞ ማታ የጸሎት ቡድን የሚመራውን፣ ቅዳሜ ለቅሶ ቤት ገብቶ የሚያጽናናውን አንድ ወንድም አስቡት። ይህ ሰው ከሰኞ እስከ ዓርብ ባንክ ቤት ይሠራል፤ ወይም ሱቅ አለው፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ልጆቹን የቤት ሥራ ያሠራል። "ሁሉን ትተህ ለአራት ዓመት ሴሚናሪ ግባ" ብንለው ምን ይመልስልናል? የቤት ኪራዩን ማን ይከፍልለታል? የጸሎት ቡድኑንስ ማን ይይዝለታል? ብዙዎቻችሁም ነገ ተነገ ወዲያ ይህ ጥያቄ ይደርሳችኋል፤ ለአንዳንዶቻችሁ ደርሷል።

ዛሬ ግማሹ በኢንተርኔት፣ ግማሹ በአካል የሚሰጠው ትምህርት፣ ሃይብሪድ የሚሉት ማለት ነው፣ ለዚህ ጥያቄ የተገኘ አዲስ መልስ ተደርጎ ሲወራ እንሰማለን። ሐሳቡ ግን አዲስ አይደለም። ኢንተርኔት ሳይታሰብ፣ ከስድሳ ዓመት በፊት፣ በመካከለኛው አሜሪካ በጓቲማላ ተሞክሯል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጓቲማላ ፕሪስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሴሚናሪዋን የከፈተችው በ1938 በዋና ከተማዋ ነበር። አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ ግቢ አለው፣ መምህራን አሉት፣ ቤተ መጻሕፍት አለው። በ1962 ግን ኃላፊዎቹ ቁጭ ብለው ቆጠሩ። ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላ በቀረበ ጊዜ ውስጥ ከሴሚናሪው ወጥተው በቤተ ክርስቲያኒቱ መጋቢነት ላይ የጸኑት አሥር ብቻ ሆነው ተገኙ። እረኛ የሚጠብቁት አጥቢያዎች ደግሞ በደርዘን የሚቆጠሩ ነበሩ። ይህን የመሰለ ቁጥር ሲወጣ ብዙ ተቋማት ወረቀቱን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ይከታሉ። እነዚህ ሰዎች አለማጠፋቸው በእኔ ዓይን የታሪኩ ትልቁ ክፍል ነው።

ምክንያቱን ሲመረምሩ ሁለት ነገር አዩ። ከገጠር መጥቶ ዋና ከተማ ውስጥ ለዓመታት የተማረ ወጣት ወደ ገጠሩ መመለስ ይከብደዋል፤ ቢመለስም ድኻይቱ አጥቢያ ደመወዙን አትችለውም። ስለዚህ ከተማ ይቀራል፤ ወይም ሌላ ሥራ ይይዛል። በሌላ በኩል አጥቢያዎቹን በተግባር የሚመሩት ሰዎች በዕድሜ የበሰሉ፣ ባለ ትዳር፣ ባለ እርሻ፣ ባለ ንግድ ናቸው። እነዚህን ጉባኤው ራሱ አይቶና ፈትኖ አምኖባቸዋል፤ ሴሚናሪው ግን በር ላይ ያስቀራቸዋል። ሊማር የሚችለው ገና አልመራም፤ የሚመራው መማር አይችልም።

ጥያቄውን ከያዙት መካከል ራልፍ ዊንተርና ጄምስ ኤመሪ፣ በኋላም የተቀላቀላቸው ሮስ ኪንስለር ይገኙበታል። ዊንተር በወጣትነቱ ምሕንድስና ያጠና፣ ከዚያም በቋንቋ ጥናት ዶክትሬት የያዘ፣ ማም በሚባሉት የአገሬው ነባር ሕዝቦች መካከል ያገለገለ ሚስዮናዊ ነበር። መሐንዲስነቱ ሳይረዳው አልቀረም፤ ማሽን ሲቆም ሠራተኛውን ከመውቀስ በፊት ጥርሱ የት ላይ እንደተሰበረ ይፈለጋልና።

መጀመሪያ ሴሚናሪውን ከዋና ከተማዋ አውጥተው ሳን ፌሊፔ ወደምትባል የገጠር ከተማ ወሰዱት። አልበቃም። ከሴሚናሪው የግማሽ ቀን መንገድ የሚርቅ ገበሬም ቢሆን እርሻውን ትቶ አዳሪ ሊሆን አይችልም። በ1963 ሌላውን እርምጃ ወሰዱ፤ ተማሪው ካልመጣ መምህሩ ይሂድ አሉ። ተማሪው በሳምንቱ ውስጥ ቤቱ ሆኖ ያጠናል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ መምህሩ በአቅራቢያው ወዳለ ማእከል መጥቶ፣ ብዙ ጊዜ አንድ የቤተ ክርስቲያን ክፍል ውስጥ፣ ከተማሪዎቹ ጋር ጥቂት ሰዓት ይወያያል፤ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ከየማእከሉ ሁሉም ሳን ፌሊፔ ይሰበሰባሉ። የተማሪዎቹ ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ በጣት ከሚቆጠር ተነሥቶ ከሁለት መቶ በላይ ደረሰ።

መጻሕፍቱ ግን አስቸገሩ። ለአዳሪ ተማሪ የተጻፈ መጽሐፍ መምህር አጠገብ እንዳለ ቆጥሮ ነው የሚጽፈው፤ ብቻውን በፋኖስ ለሚያነብ ሰው ይጨልምበታል። ስለዚህ ትምህርቱን በትንንሹ ቆርሰው፣ ከየቁራሹ በኋላ ጥያቄ እያስከተሉ የመልመጃ መጻሕፍት አዘጋጁ። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰውም አንደኛ ደረጃን ብቻ የተማረውም ያንኑ ርእስ እንደየአቅሙ እንዲማር ደረጃ አወጡለት።

ቴድ ዋርድ የተባለ አሜሪካዊ የትምህርት ሊቅ ይህን አሠራር በእንጨት አጥር መሰለው። እኛ ቋሚና ማገር ብንለው ይገባናል። አንዱ አግዳሚ ማገር ተማሪው ቤቱ የሚያነበው ነው፤ ሁለተኛው ማገር በየቀኑ የሚሠራው አገልግሎት ነው። ሁለቱን የሚያያይዙት ቋሚዎች ተማሪዎችና መምህሩ ፊት ለፊት የሚገናኙባቸው ሰዓቶች ናቸው። ቋሚ ከሌለ ማገሩ መሬት ላይ የተዘረጋ እንጨት ነው።

በ1967 በኮሎምቢያ አርሜኒያ በምትባል ከተማ ስለዚሁ ጉዳይ ጉባኤ ተደረገ፤ በ1969 ዊንተር አዘጋጅቶ ባሳተመው ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ሐሳቡ ወደ ሌሎች አህጉራት ተሻገረ። ወደ አገራችንም ቲ.ኢ.ኢ. በሚል ምሕጻር ገብቷል። ወላጆቻችሁን ወይም የአጥቢያችሁን ሽማግሌዎች ጠይቋቸው፤ የመልመጃ መጽሐፉን እስካሁን ያስቀመጠ አይጠፋም።

ጉድለቱም ይነገር። ባዶ ቦታ መሙላት የለመደ ተማሪ ሳያስብ መጽሐፉን ሊጨርስ ይችላል፤ በብዙ ቦታም እንዲሁ ሆነ። "ትክክለኛው ሴሚናሪ አይደለም" የሚል ንቀት ተከተለው። መምህራንም በመንገድ ብዛት ደከሙ። ተማሪው ቤቱ ሆኖ ይማራል ሲባልም ሸክሙ የት እንደሚያርፍ እናስብ፤ እሱ ማታ መጽሐፍ ሲይዝ ልጁን የሚያስተኛ፣ እንግዳ የሚቀበል ሌላ ሰው አለ። ተማሪዋ እናት ስትሆን ደግሞ ያ ሌላ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም።

በአገራችን ይህን መንገድ ሳይመርጡት የገቡበትም አሉ። በ1982 የደርግ መንግሥት መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ፤ መሪዎች ታሰሩ፤ ንብረቷ ተወሰደ። ምእመናን በየቤቱ በትንንሽ ቡድን መሰብሰብ ጀመሩ። ትምህርቱም፣ መሪ ማፍራቱም ከሥራ መልስ በሳሎን ውስጥ ሆነ። ስትዘጋ አምስት ሺህ ገደማ የነበሩት አባላት ደርግ በወደቀበት በ1991 ከሠላሳ ሺህ በላይ ሆነው ወጡ። ቤተ ክርስቲያኒቱም ከዚያ በኋላ ኮሌጅ ከፈተች፤ ሳሎኑ ይበቃል አላለችም።

እንግዲህ ዛሬ ማስታወቂያ አይታችሁ ልትመዘገቡ ስትሉ ስለ ኢንተርኔቱ ፍጥነት ብቻ አትጠይቁ። በወር ስንት ጊዜ ፊት ለፊት እንገናኛለን? የሚሰጠን የቤት ሥራ እሑድ ከማስተምራቸው ልጆች ጋር ይገናኛል? መምህሩ አጥቢያዬን አንድ ቀን ያያታል? ብላችሁ ጠይቁ። ቤታችሁ ደግሞ ባለቤታችሁን ወይም እናታችሁን ሌላ ጥያቄ ጠይቁ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ማን ምን ይሠራል? የጓቲማላዎቹ በ1962 እንዳደረጉት ቁጥሩን ወረቀት ላይ አስፍሩት፤ ሰዓቱን፣ ክፍያውን፣ የትራንስፖርቱን። ከዚያ ለመጋቢያችሁ አሳዩት።