ሩቅ መስመርን ከሩቅ መጠበቅ፦ የኔትወርክ ክትትል ታሪክ ከጂንካና ከደቡብ ኦሞ አንጻር

በኢትዮጵያ የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ ላይ የሚጻፉ ሥራዎች ዘወትር የሚያተኩሩት መስመሩ መቼ ተዘረጋ፣ ጣቢያው የት ተከፈተ በሚለው ላይ ሲሆን፣ የተዘረጋው መስመር በማግስቱ በደኅና መኖሩን ማን፣ በምን ዘዴ ያረጋግጥ እንደነበር የሚጠይቁት ጥቂቶች ናቸው። ባለሙያውና የተበላሸው ዕቃ በአንድ ከተማ ውስጥ በሚያድሩበት በመሃል አገር ይህ ክፍተት ብዙም አይጎላም፤ ብልሽት ሲወራ ሄዶ ማየት ይቻላልና። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው በጂንካ፣ ይልቁንም ከጂንካ አልፎ በዲመካ፣ በኦሞራቴ፣ በካንጋቴንና በሃና ባሉት የወረዳ ማዕከላት ግን የክትትሉ ጥያቄ ከዝርጋታው ያላነሰ፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ክብደት አለው። ዛሬ ክትትሉ በዋናነት የሚመለከታቸው ዕቃዎች ሁለት ናቸው፤ ስዊች በአንድ ሕንፃ ወይም ግቢ ውስጥ ያሉትን ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚያገናኝ መሣሪያ ሲሆን፣ ራውተር ደግሞ የግቢውን ኔትወርክ ከውጭው ጋር አያይዞ እያንዳንዱ መልእክት በየትኛው አቅጣጫ እንደሚሄድ የሚወስን ነው።

የክትትል ሥራ ግን ከራውተር በብዙ ይቀድማል። ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገሪቱ ገብቶ ከአዲስ አበባ ሐረር የሚደርሰው መስመር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ሲዘረጋ በመካከሉ የስልክ ጣቢያዎች ተቋቁመው ነበርና፣ እንዲህ ባለው መስመር ላይ ድምፅ ሲጠፋ ብልሽቱ የሚፈለገው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ በመደወል ነው፤ በሚመልሰው የመጨረሻ ጣቢያና በማይመልሰው የመጀመሪያ ጣቢያ መካከል ያለው ክፍል ይለይና የመስመር ሠራተኛው ምሰሶ ለምሰሶ እየተከተለ የተቆረጠውን ሽቦ እንዲፈልግ ይላካል። ዘዴው ቀላል ይምሰል እንጂ በኋላ ዘመን የተጻፉት የክትትል ፕሮግራሞች የቆሙበት መሠረት ይኸው ነው። ልዩነቱ ጠያቂውም ተጠያቂውም ሰው መሆናቸው ነበር፤ ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ስልከኛ «አለሁ» ብሎ አያበቃም፤ ድምፁ ከጠዋት ጀምሮ እንደሻከረ፣ ዝናብ እንደጣለ፣ ባትሪው እንደደከመ ጨምሮ ይናገራል። የመሣሪያ ክትትል ታሪክ በአብዛኛው ይህን ሳይጠየቅ የሚነገር ትርፍ ወሬ አጥቶ ቀስ በቀስ መልሶ የማግኘት ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

የዛሬው ደቡብ ኦሞ በዘውዱ ዘመን በጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ተብሎ ይታወቅ ነበር። በ1945 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ አገልግሎቱን ከከተማ ወደ ከተማ ሲያስፋፋ፣ ሕዝቡ በሰፊ መሬት ተበታትኖ ለሚኖርበትና እኩሌታው ከብቱን ተከትሎ ለሚንቀሳቀስበት ጠረፍ የሽቦ መስመር መዘርጋት ከሚያስገኘው ገቢ ጋር የማይመጣጠን ወጪ ነበር። ስለዚህ በመላ አገሪቱ ራቅ ባሉ ስፍራዎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ሆኑ ሚሲዮኖች የተገለገሉበት ዋና መሣሪያ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ሲሆን፣ ይህም ምልክቱ ከላይኛው የከባቢ አየር ክፍል እየነጠረ ያለ መካከለኛ ጣቢያ ረጅም ርቀት የሚሄድ ነው። በእንዲህ ያለ የሬዲዮ መረብ ማዕከሉ በቀጠሮ ሰዓት እያንዳንዱን ጣቢያ በስሙ ይጠራል፣ የተጠራውም ይመልሳል፣ ያልመለሰው ተመዝግቦ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይጠበቃል፤ ዛሬ አንድ የክትትል ሰርቨር በየአምስት ደቂቃው የሚያደርገው ከዚህ የተለየ አይደለም። ሁለት ቀጠሮ ያመለጠው ጣቢያ የደረሰበትን ለማወቅ ግን መኪና ወይም አውሮፕላን ማስፈለጉ አይቀርም ነበር። ከብት ይግጥበት የነበረውና በጂንካ ከተማ መካከል የተዘረጋው የቀድሞው የሣር አውሮፕላን ማረፊያ፣ ብዙውን ጊዜ በጎብኚዎች ትዝታ ብቻ ቢነሣም፣ የአካባቢው የመገናኛ ታሪክ አካል ሆኖ ሊታይ ይገባዋል።

ሁለተኛው ምዕራፍ የመጣው ከሰማይ ነው። የሱሉልታ የሳተላይት ምድር ጣቢያ በ1971 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ዋና ተግባሩ አገሪቱን ከውጭው ዓለም ጋር ማገናኘት ነበር፤ ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ከገባ በኋላ ግን፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ የወረዳ መስተዳድሮችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር የሚያገናኘው ወረዳኔትና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሚያገናኘው ስኩልኔት ሲዘረጉ፣ ሩቅ ስፍራዎች በአብዛኛው የተደረሰባቸው በቪሳት ነበር። ቪሳት በቢሮ ጣሪያ ወይም ግቢ ላይ የሚተከል አነስተኛ ሰሐን ሆኖ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ሳተላይት ጋር የሚነጋገር መሣሪያ ነው። ራውተር የሚባለው ዕቃ በብዙ የወረዳ ቢሮዎች የታወቀው ከዚህ ሰሐን ጋር አብሮ መጥቶ ነው። ከእሱም ጋር አዲስ ዓይነት ዝምታ መጣ፤ የስልክ ማዞሪያ ሲበላሽ ቢያንስ ማዞሪያውን የሚያውቅ ኦፕሬተር አጠገቡ ነበር፣ በመደርደሪያ ተቆልፎ የተቀመጠ ራውተር ሲቆም ግን በቢሮው ያለው ሰው የሚያውቀው «ኔትወርክ የለም» የሚለውን ብቻ ነው።

ይህ ዝምታ የደቡብ ኦሞ ብቻ አልነበረምና በሌላው ዓለም የተፈለገለትን መፍትሔ መመልከት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 ማይክ ሙስ የተባለ የአሜሪካ ጦር የምርምር ላቦራቶሪ ባልደረባ ፒንግ የተባለውን አነስተኛ ፕሮግራም ጻፈ፤ ፒንግ ለአንድ መሣሪያ አጭር መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ይለካል፣ ከዚያ በላይ ምንም አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ኤስ.ኤን.ኤም.ፒ. በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው ስምምነት ወጣ፤ በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ መሣሪያ ስለ ራሱ የሚይዛቸው መረጃዎች፣ ማለትም እያንዳንዱ ፖርት ክፍት ወይም ዝግ መሆኑ፣ ያለፈበት መልእክት ብዛት፣ የተበላሸ መልእክት ቁጥር፣ ከተነሣ የቆየበት ጊዜ፣ በቁጥር በተሰየመ ዛፍ ላይ ይደረደራሉ፣ ጠያቂውም የሚፈልገውን ቅርንጫፍ ጠርቶ ያነባል። እ.ኤ.አ. በ1995 ቶቢያስ ኦቲከር በእንግሊዝ ሌስተር በሚገኘው በደ ሞንፎርት ዩኒቨርሲቲ ሳለ ያንን ንባብ በየአምስት ደቂቃው ወስዶ በሥዕል የሚያሳይ ኤም.አር.ቲ.ጂ. የተባለ ፕሮግራም ሠራ፤ ያነሣሣውም ዩኒቨርሲቲውን በሙሉ ከውጭ ጋር የሚያገናኘው መስመር በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት ብቻ በመሆኑ መጨናነቁን ለማየት ነበር። ዓለም አቀፍ ዝና ያተረፈው መሣሪያ ከጠባብ መስመር ችግር መወለዱ ለኢትዮጵያ አንባቢ ትርጉም አለው፤ ከታላላቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች ይልቅ የወረዳ ቢሮ ኑሮ ለዚያ መነሻ ይቀርባልና።

ቢሆንም ተዘጋጅተው የመጡት ፕሮግራሞች ሁሉ አንድ የተደበቀ ግምት ይዘው ነው የመጡት፤ መሣሪያው ሁልጊዜ መብራት አለው፣ መስመሩም ፈጣን ነው የሚል። በሳተላይት የሚሄድ ጥያቄ ወደ ላይና ወደ ታች፣ መልሱም እንዲሁ ተመልሶ፣ ከ140,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጓዝ በብርሃን ፍጥነት እንኳን ግማሽ ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ ለአጭር መስመር ታስቦ መልስን ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚጠብቅ ፕሮግራም፣ መስመሩ በተጨናነቀ ቁጥር ደኅናውን ራውተር እንደሞተ ይቆጥራል። ሐሰተኛ ማንቂያ በቀን አሥር ጊዜ የደረሰው ባለሙያ እውነተኛውንም ማመን ይተዋል። ብጁ ፕሮብ የሚባለው መፍትሔ እዚህ ላይ ነው የሚገባው፤ ፕሮብ ለአንድ መሣሪያ የተወሰነ ጥያቄ አቅርቦ መልሱን ከማስጠንቀቂያ ወሰን ጋር የሚያነጻጽር አጭር ፕሮግራም ሲሆን፣ ብጁ የሚሆነው ጥያቄውንና ወሰኑን አምራቹ ሳይሆን ቦታውን የሚያውቀው ባለሙያ ራሱ ሲጽፈው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ወጥቶ በኋላ ናጊዮስ የተባለው ፕሮግራም ይህን ለማንም ክፍት አደረገው፤ ማንኛውም ሰው የጻፈው ፕሮብ ሲጨርስ 0 ከመለሰ ደኅና፣ 1 ከመለሰ ማስጠንቀቂያ፣ 2 ከመለሰ አደጋ፣ 3 ከመለሰ ያልታወቀ ተብሎ ይመዘገባል። ከዚያም ሌላ እያንዳንዱ መሣሪያ በየትኛው መሣሪያ በኩል እንደሚደረስ እንዲገለጽለት ስለሚያደርግ፣ «ሞቷል» እና «ልደርስበት አልቻልሁም» የሚሉትን ሁለት ፍርዶች ይለያል፤ የጂንካው ራውተር ከቆመ ከእሱ በስተጀርባ ያሉት ወረዳዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሞቱ ብሎ መጮህ ሐሰት ነው።

ለአካባቢው እጅግ ጠቃሚ የሆነው ፕሮብ ግን ምናልባት ከሁሉ ቀላሉ ነው። በደቡብ ኦሞ ቢሮዎች ኔትወርክ ሲቋረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ መብራት ጠፍቶ ነው ወይስ መስመሩ ተቆርጦ የሚል ሲሆን፣ ፒንግ ለዚህ መልስ የለውም፤ ሁለቱም በእሱ ዘንድ ዝምታ ናቸው። መሣሪያው ከተነሣ የቆየበትን ጊዜ የሚያነብ ፕሮብ ግን ከመቋረጡ በኋላ ይመልሳል። ግንኙነቱ ለሦስት ሰዓት ጠፍቶ ሲመለስ ስዊቹ ከተነሣ አርባ ቀኑ ነው ካለ፣ መብራት አልጠፋበትም፤ ጥፋቱ በመስመሩ ወይም ከእሱ በላይ ባለው መሣሪያ ነው። አሥር ደቂቃ ብቻ ነው ካለ ኃይል ተቋርጦበት ነበር። ሦስት ሰዓት ገደማ ካለ ደግሞ ነገሩ ረቂቅ ነው፤ መብራት ለቅጽበት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ ስዊቹ ተነሥቶ፣ የውጭ መስመሩ መሣሪያ ግን ሳይነሣ ቀርቷል ማለት ነው፣ መፍትሔውም ወደ ቦታው ስልክ ደውሎ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ማስነካት ሊሆን ይችላል። አንድ ቁጥር ከብዙ ኪሎ ሜትር የከንቱ ጉዞ ያድናል። ጊዜው የሚቆጠርበት ቦታ ውስን ስለሆነ ከ497 ቀን በኋላ ወደ ዜሮ መመለሱ በመጻሕፍት እንደ ጉድለት ይጠቀሳል፤ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህን ያህል ሳይጠፋ የሚቆይ ስዊች ስለማይበዛ ጉድለቱ ብዙም አያሳስብም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጡት የባትሪ ቮልቴጅና የሙቀት ፕሮቦች ናቸው። ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር የራቁ ጣቢያዎች በፀሐይ ኃይል፣ በጄኔሬተርና በባትሪ ስለሚሠሩ፣ የባትሪው ቮልቴጅ በሌሊት የሚወርድበት ፍጥነት መሣሪያው ከመጥፋቱ ቀናት አስቀድሞ የሚናገረው አለ። ሙቀቱም በየቦታው አንድ ዓይነት ወሰን አይቀበልም፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው ጂንካ ማስጠንቀቂያ የሚሆነው ቁጥር፣ በኦሞ ዝቅተኛ ሸለቆ በ400 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው ኦሞራቴ የዘወትር ቀትር ነው። አምራቹ ከፋብሪካ ያስቀመጠው ወሰን ሁለቱንም አያውቅም። ከመቶ ዓመት በፊት ስልከኛው ሳይጠየቅ የሚናገረው የባትሪና የአየር ጠባይ ወሬ እንግዲህ በቁጥር ተመልሶ የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኅዳር 2003 ዓ.ም. በኢትዮ ቴሌኮም ከተተካና ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ፣ የምሰሶውና የፋይበሩ ክትትል የአገልግሎት ሰጪዎቹ የውስጥ ሥራ ሲሆን፣ በተጠቃሚው ግቢ ውስጥ ያለው ክትትል ለተቋሙ የተተወ ነው። በ2010 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የጂንካ ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ተቋም ከግቢው ድንበር ማዶ ያለውን ማየት ባይችልም፣ አንድ ፕሮብ ወደ ራሱ ራውተር፣ ሌላ ፕሮብ ከድንበሩ ማዶ ወዳለው የመጀመሪያ አድራሻ ቢያቆም፣ ጥፋቱ ከማን ዘንድ እንደሆነ በማስረጃ ለመነጋገር ይበቃዋል። በዚህ ረገድ የሚደጋገመው ስሕተት ኤስ.ኤን.ኤም.ፒ. ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣውን ማንም የሚያውቀውን የይለፍ ቃል ሳይለውጡ መተው ሲሆን፣ መረጃን የሚመሰጥረው ሦስተኛው እትም ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖት ሳለ ይህ ቸልታ ምክንያት አይገኝለትም።

ለታሪክ ጸሐፊ የሚቀረው ችግር ሌላ ነው። ኤም.አር.ቲ.ጂ. እና ተከታዮቹ መዝገባቸው እንዳይገዝፍ ሲባል የቆየውን ንባብ በአማካይ እየጨፈለቁ እንዲይዙ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ የአምስት ደቂቃው ዝርዝር ለሁለት ቀን ያህል፣ የግማሽ ሰዓቱ ለሁለት ሳምንት ያህል፣ የሁለት ሰዓቱ ለሁለት ወር ያህል ይቆይና፣ የቀን አማካዩም ከሁለት ዓመት በኋላ በአዲስ ይተካል። በወረዳኔት ዘመን የተመዘገበ ነገር ቢኖር እንኳን በዚህ አሠራር ራሱን በልቷል ማለት ነው፤ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ መዝገብ ደብተር ቢያንስ ምስጥ እስኪያገኘው ይቆይ ነበር። ስለዚህ በጂንካና በየወረዳው ኔትወርክ የሚጠብቁ ባለሙያዎች በየዓመቱ ማብቂያ፣ በጳጉሜን፣ የጻፏቸውን ፕሮቦች፣ ያስቀመጧቸውን ወሰኖችና የመቋረጥ መዝገባቸውን ሳይጨፈለቅ ገልብጠው በተቋማቸው ቤተ መጻሕፍት ወይም በጂንካ በሚገኘው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ሊያስቀምጡ ይገባል።