በሙየንጋ ኰረብታ የታየ የመስከረም ሥዕል

በካምፓላ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ሙየንጋ የሚባል ኰረብታ አለ። በራሱ ላይ የውሃ ማጠራቀሚያ ስለ ተሠራበት ታንክ ሂል እየተባለም ይጠራል። ከዚያ ቆሞ ቍልቍል የተመለከተ ሰው የቪክቶሪያን ሐይቅ ያያል። እኔ ግን በእንግድነት ባረፍሁበት በአንድ ኢትዮጵያዊ ቤት ዓይኔን የሳበው ሐይቁ ሳይሆን ከግድግዳው ላይ የተሰቀለው፥ ክንድ የማይሞላ የውሃ ቀለም ሥዕል ነው።

ሥዕሉ ከክረምት የወጣ መስክ ነው። አደይ አበባው ሜዳውን አልብሶታል፤ ከኋላው ጭጋግ ያልለቀቀው ተራራ ይታያል። ሠዓሊው ሰማዩን አልቀባውም፤ ነጩን ወረቀት እንዳለ ትቶታል። የውሃ ቀለም ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ብርሃኑ የሚገኘው ወረቀቱን ባለመንካት ነው። የተሳሳተውንም እንደ ዘይት ቀለም በላዩ ደርቦ መሸፈን አይቻልም።

የቤቱ ሕፃን፥ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ናትና፥ «ጋሼ፥ ይህ ወር እዚህ የሚመጣው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ካምፓላ ከምድር ወገብ አጠገብ ስለ ሆነች ዝናሙ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ልምላሜውም ጨርሶ አይለያትም። ስለዚህ «አይመጣም» ከማለት በቀር መልስ አጣሁ። (እኛም መስከረምን በልማድ ፀደይ እንለዋለን እንጂ፥ በባሕረ ሐሳብ ፀደይ የሚገባው መጋቢት 26 ቀን ነው።)

የጥንት ሠዓሊዎቻችን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱሳንን፥ ነገሥታትንና ጦርነትን ሲሥሉ፥ ተራራና ዛፍ ለታሪኩ ማጀቢያ ነበሩ። አገሩን ራሱን የሥዕል ባለቤት አድርገው ከሣሉት መካከል ስማቸው የታወቀው እንግዶች ናቸው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1805 ሄንሪ ሶልት ወደ ትግራይ መጣ፤ ሥዕሎቹም በ1809 በለንደን ታተሙ። ማርቲን በርናትዝ ከ1841 እስከ 1843 ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር በሸዋ፥ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነበረ። ዊልያም ሲምሰን ደግሞ በ1868 የመቅደላን ዘመቻ ተከትሎ ሣለ። እጃቸው የሠለጠነ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ተራሮቻችንን ያዩት በመልእክተኛና በዘማች መንገድ ነው።

አቶ አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተምረው ተመልሰው፥ በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ከሙየንጋ ብዙም በማይርቀው በማከሬሬም ማርጋሬት ትራወል ቀደም ብላ፥ በ1930ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት፥ ሥዕል ማስተማር ጀምራ ነበር። ትዕይንቱን በቃል እየተረከች፥ ተማሪዎቹ በልባቸው የታያቸውን እንዲሥሉ ታደርግ ነበር እንጂ የአውሮፓን ሥዕል እንዲገለብጡ አትወድም ነበር።

ይህን ሳስብ አፈርሁ። እኔ ዕጩ መምህራንን የማሠራው ታትሞ የመጣ የአውሮፓ ጸደይ እየገለበጡ ነበርና። ከአራት ዓመት በፊት አንዱ ዕጩ በዚያ ፈንታ የመንደሩን ሜዳ በቢጫ ሞልቶ ቢያመጣልኝ፥ «ቀለሙ ልክ አልፏል» ብዬ ነጥብ ቀነስሁበት። የሙየንጋው ሥዕል ቢጫ ከርሱ ይበልጥ ነበረ። የነጥቡ መዝገብ ተዘግቷል፤ ልጁም ዛሬ ራሱ ያስተምራል። ካምፓላ ሳለሁ ደብዳቤ ጻፍሁለት፤ ያን ሥዕል አስቀምጦት እንደ ሆነም ጠየቅሁት።