ሕመምተኛው መንገድ ላይ ሳለ

አሜሪካ የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ 911 የሚባለው ቁጥር ነው። ልጆች በትምህርት ቤት ይማሩታል፤ እናቶች የማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉታል። የደወለ ሰው ብዙም ሳይቆይ መብራቱ የሚንቦገቦግ መኪና ደጁ ላይ ሲቆም ያያል፤ ኦክስጅን፣ የልብ መመርመሪያና የመድኃኒት ሣጥን የያዙ ሰዎችም ይወርዳሉ። ይህ ነገር ከአሜሪካ ጋር አብሮ የተፈጠረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። 911 ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተደወለው በፌብሩዋሪ 1968 አላባማ ውስጥ ሄሊቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ በፊት የታመመውን ሰው ወደ ሆስፒታል የሚወስደው ማን ነበር? መልሱ የሚያስደነግጥ ነው። በአገሪቱ ከነበረው የአምቡላንስ አገልግሎት ግማሽ ያህሉን የሚሰጡት ቀባሪ ድርጅቶች ነበሩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሰው ተጋድሞ የሚሄድበት ረጅም መኪና ያላቸው እነሱ ነበሩ። ጠዋት አስከሬን ያመላለሰው መኪና ከሰዓት በኋላ በሽተኛ ይጭናል። እንደ ፒትስበርግ ባሉ ከተሞች ደግሞ ሥራው የፖሊስ ነበር። እስረኛ የሚጫንበት መኪና ይመጣል፤ ፖሊሶቹ በሽተኛውን በቃሬዛ ከኋላ ያስገቡትና እነሱ ከፊት ተቀምጠው ይነዳሉ። ከኋላ ያለው ሰው ቢያቃስት፣ ትንፋሽ ቢያጥረው፣ ደም ቢፈሰው የሚያየው የለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በ1966 ባወጣው ሪፖርት እንደ ገለጸው፣ በ1965 ብቻ 107,000 ሰዎች በአደጋ ሞተዋል። ሪፖርቱም ነገሩን ዘመናዊው ኅብረተሰብ ችላ ያለው በሽታ ብሎ ሰየመው።

በዚያው በ1966 ፒትስበርግ ውስጥ ሁለት ሞቶች ተከታተሉ። የፔንሲልቬኒያ ገዥ የነበሩት ዴቪድ ሎረንስ በምርጫ ስብሰባ ላይ ንግግር ሲያደርጉ ወደቁና ከቀናት በኋላ አረፉ። ሆስፒታል ሲደርሱ ከተቀበሏቸው ሐኪሞች አንዱ ዶክተር ፒተር ሣፋር ነበሩ። ዶክተሩ በዚያው ዓመት የገዛ ልጃቸውን ኤልሳቤጥን በአስም ሕመም ተነጥቀዋል። በሌላው ሰው ትንፋሽ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሐኪም ልጃቸውን በትንፋሽ እጦት ማጣታቸው የሚከብድ ነው።

ሣፋር እንደ ብዙዎቹ አንባቢያን ስደተኛ ነበሩ። በ1924 ቪየና ተወልደው በ1949 ወደ አሜሪካ መጡ፤ ሙያቸው የማደንዘዣ ሕክምና ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ባልቲሞር ሳሉ ያደረጉት ምርምር ዛሬም ሲነበብ ያስገርማል። ጡንቻ የሚያሽመደምድ መድኃኒት በፈቃደኞች ላይ እየወጉ ትንፋሻቸው እንዲቆም ያደርጉና፣ ሌላ ተራ ሰው አፉን ከአፋቸው ገጥሞ እንዲተነፍስላቸው ያዛሉ። በዚህም መንገድ ሐኪም ያልሆነ ሰው የሰውን ሕይወት በትንፋሹ ማቆየት እንደሚችል አረጋገጡ። የልጃቸው ሞት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዞባቸው መጣ፤ ሆስፒታሉ ከበሽተኛው ቤት መጀመር ያለበት ለምን አይሆንም?

መልሱ የተገኘው ማንም ባልጠበቀው ቦታ ነው። ሂል ዲስትሪክት የሚባለው የፒትስበርግ ሠፈር የጥቁር አሜሪካውያን ሠፈር ነው። ነዋሪው ፖሊስን ስለሚፈራ የፖሊስ አምቡላንስ አይጠራም፤ ቢጠራም ቶሎ አይመጣለትም። በዚያ ሠፈር ፍሪደም ሃውስ፣ ማለትም የነፃነት ቤት የተሰኘ ለሥራ አጦች ሥራ የሚፈጥርና አትክልት በመኪና እያዞረ የሚያደርስ ድርጅት ነበር። የፎክ የሕክምና ፈንድ ኃላፊ የነበሩት ፊል ሃለን፣ በወጣትነታቸው የአምቡላንስ ሾፌር ስለነበሩ፣ በ1967 ድርጅቱንና ዶክተር ሣፋርን አገናኙ።

የተመለመሉት ወጣቶች ጋዜጦች ለሥራ አይሆኑም ይሏቸው የነበሩ ናቸው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያልጨረሰ አለ፤ ከቬትናም ጦርነት የተመለሰ አለ፤ ከእሥር ቤት የወጣም አለ። ሣፋር ለእነዚህ ልጆች ያዘጋጁት ትምህርት 300 ሰዓት ያህል ነው። ሌላው አገር የአምቡላንስ ሠራተኛ መሠረታዊ የመጀመሪያ ዕርዳታ ከተማረ ትልቅ ነገር በነበረበት ዘመን፣ እነሱ የሰው አካል አሠራርን፣ የልብና የሳንባ ሕክምናን፣ የነርስነት ሥራን ተማሩ። በ1968 ሥራ ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 5,800 ለሚጠጉ ጥሪዎች መልስ ሰጥተው ከ4,600 በላይ በሽተኞች ወደ ሆስፒታል አድርሰዋል። መጀመሪያ ላይ የሆስፒታል ነርሶች የጽዳት ሠራተኞች ይመስሏቸው ነበር። ቆይቶ ግን የፖሊስ መኪና ሲመጣባቸው «ፍሪደም ሃውስን ላኩልን» የሚሉ ነጮችም በዙ።

በ1974 ዶክተር ናንሲ ካሮላይን የሕክምና ኃላፊ ሆነው መጡ። ዶክተሯ ቢሮ ተቀምጠው ማዘዝ አልወደዱም፤ ከልጆቹ ጋር ሌሊት አምቡላንስ ላይ ይወጡ ነበር። ጆን ሙን የተባሉት ሠራተኛ በሽተኛው ወድቆ ባለበት ሥፍራ የመተንፈሻ ቱቦ አስገብተዋል፤ ያን ጊዜ ይህ ከሐኪም በቀር ማንም የማይነካው ሥራ ነበር። ካሮላይን እዚያ ያዩትን መሠረት አድርገው ለመላው አሜሪካ የሚሆን የፓራሜዲክ ሥርዓተ ትምህርት አዘጋጁ፤ በ1979 የወጣው መጽሐፋቸውም የሙያው ዋና መማሪያ ሆነ።

የፍሪደም ሃውስ መጨረሻ ግን የሚያሳዝን ነው። ከንቲባ ፒተር ፍላሄርቲ የከተማውን የራሱን አምቡላንስ አቋቋሙና በኦክቶበር 1975 የነፃነት ቤት ተዘጋ። ሠራተኞቹ ወደ አዲሱ መሥሪያ ቤት እንዲገቡ ቃል ቢገባም፣ ገና በገቡ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ብዙዎቹ ከሕክምናው ሥራ ተገፉ፣ በፈተና ተባረሩ፣ ወይም ተማረው ለቀቁ። ሙያውን ያስተማሩት ሰዎች፣ ከእነሱ በኋላ ሙያውን ለተማሩ ሰዎች ቃሬዛ ተሸካሚ ሆኑ ማለት ነው። ጆን ሙን ጸንተው ከቆዩት ጥቂቶች ናቸው፤ የመሥሪያ ቤቱ ረዳት አዛዥ ሆነው በ2009 ጡረታ ወጡ። እሳቸው ያሳደጓቸው ጥቁር ሴት አሜራ ጊልክሪስት በ2023 የዚያው መሥሪያ ቤት ዋና አዛዥ ሆነዋል።

እስካሁን የተነገረው ሕይወት ስለ ማዳን ነው። ከሞት ያልደረሰ፣ ነገር ግን እግሩ ተሰብሮ የሚጮህ ሰውስ? እዚህ ላይ ታሪኩ በጣም ቀርፋፋ ነው።

ሞርፊን አዲስ መድኃኒት አይደለም፤ ከኦፒየም ተለይቶ የወጣው በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር የሕክምና ወታደሮች በትንሽ ቱቦ የታሸገ የሞርፊን መርፌ በኪሳቸው ይዘው ይዞሩ ነበር። ከወጉም በኋላ የቁስለኛው ግንባር ላይ «ኤም» ፊደል ይጽፋሉ፣ ወይም ባዶውን ቱቦ ከኮሌታው ላይ ይሰኩታል፤ ሌላ ሰው መጥቶ እንዳይደግመው ነው። ይህም ከልምድ የመጣ ነው። በብርድና በደም መፍሰስ የቀዘቀዘ ሰው ላይ የተወጋው መድኃኒት ቶሎ ወደ ደም አይገባም፤ ሕመሙ ስላልተሻለው ይደገምለታል፤ ድንኳን ገብቶ ሰውነቱ ሲሞቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገባና ትንፋሹን ያቆመዋል። የማደንዘዣ ሐኪሙ ሄንሪ ቢቸር ጣሊያን ግንባር ላይ ይህን አጥንተዋል። በዚያው ጥናት ሌላም ነገር አገኙ፤ ክፉኛ ከቆሰሉት ወታደሮች አብዛኞቹ መድኃኒት አንፈልግም ይሉ ነበር። ለእነሱ ቁስሉ ከጦር ሜዳ ወጥቶ ወደ ቤት መሄጃ ነበርና።

ከጦርነቱ በኋላ በሰላሙ ጎዳና ላይ ሞርፊን ከአምቡላንስ ጠፋ ማለት ይቻላል። ለዚህ አንዱ ምክንያት የሐኪሞች አሮጌ ትምህርት ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ዛካሪ ኮፕ በ1921 ባሳተሙት መጽሐፍ ሆዱን ለሚያመው ሰው ምርመራው ሳያልቅ ሞርፊን መስጠት ምልክቱን ይሸፍናል ብለው አስጠንቅቀው ነበር። ይህ ምክር ለሰባ ዓመት ያህል እንደ ሕግ ተያዘ፤ ከሆድም አልፎ ለእጅና ለእግር ስብራት ሳይቀር ሰበብ ሆነ። በ1990ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች ግን ማስታገሻው ምርመራውን እንደማያበላሽ አሳዩ። የሱስ ፍርሃትም አለ፣ ትንፋሽ ይቆማል የሚል ፍርሃትም አለ፤ ሁለቱም መሠረት የላቸውም አይባልም። ያም ሆኖ ከቁልፍ ሣጥኑና ከሚሞላው ወረቀት ለመሸሽ ያህል ብቻ የተተወበትም ጊዜ ጥቂት አይመስልም።

እንግሊዞች ሌላ መንገድ አገኙ። ለወላጆች ምጥ ማቅለያ የተሠራውን የናይትረስ ኦክሳይድና የኦክስጅን ድብልቅ ጋዝ፣ ዶክተር ፒተር ባስኬትና ባልደረቦቻቸው በ1970 ግድም በአምቡላንስ ውስጥ አዋሉት። በሽተኛው ጭንብሉን በገዛ እጁ ይዞ ይስበዋል፤ ከመጠን በላይ ሲሆንበት እጁ ይዝልና ጭንብሉ ይወድቃል። መድኃኒቱን የሚቆጣጠረው በሽተኛው ራሱ ስለሆነ የጠባቂዎቹን ፍርሃት ቀነሰ።

በአሜሪካ ግን በ2000 የወጣ አንድ ጥናት፣ አጥንታቸው ተሰብሯል ተብሎ በአምቡላንስ ከተወሰዱ ከ1,000 በላይ ሰዎች መካከል ማስታገሻ ያገኙት ከመቶ ሁለት እንደማይሞሉ ገለጸ። ማን ያገኛል የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። በ1993 ዶክተር ናክስ ቶድና ባልደረቦቻቸው በሎስ አንጀለስ አንድ የድንገተኛ ክፍል አጥንታቸው የተሰበረ 139 ሰዎችን መዝገብ መረመሩ። ምንም ማስታገሻ ያልተሰጣቸው ከነጮቹ ከመቶ 26 ሲሆኑ ከሂስፓኒኮቹ ከመቶ 55 ነበሩ። በ2000 አትላንታ ላይ በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ማስታገሻ ያገኙት ከነጮቹ ከመቶ 74፣ ከጥቁሮቹ ከመቶ 57 ሆኑ። በ2019 የታተመ የኦሬጎን ጥናት ደግሞ ጉዳዩን ወደ አምቡላንሱ ወሰደው። በዚያም ነጭ ያልሆኑ ቁስለኞች የሕመም መድኃኒት የማግኘት ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ሂስፓኒኮችና እስያውያን ስንት ያምምሃል ተብለው የመጠየቅ ዕድላቸው እንኳ ያነሰ ነበር።

ጥያቄው «ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ያምምሃል?» የሚል ነው። ለሐበሻ ይህ እንግዳ ጥያቄ ነው። አባቶች ሕመምን በቁጥር አልለኩም፤ ይወጋል፣ ይቆረጥማል፣ ያቃጥላል፣ ይነዝራል እያሉ ይለያሉ፤ ደጉ ሰው ደግሞ አጥንቱ ተሰብሮም እንዴት ነህ ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። በቃሬዛው ላይ ያለው ሰው «ኦኬ» ብሎ ሲመልስ ፓራሜዲኩ የሚጽፈው ዜሮ ነው። ማስታገሻው ግን የሚታዘዘው በአብዛኛው ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ ነው።

ዶክተር ካሮላይን ከፒትስበርግ በኋላ በእስራኤል የማጌን ዳቪድ አዶም አምቡላንስ የሕክምና ኃላፊ ሆኑ፤ ከዚያም ናይሮቢ ከበራሪ ሐኪሞች ጋር ሠሩ። በመጨረሻ በገሊላ የማይድን በሽታ ለያዛቸው ሰዎች ሕመማቸውን የሚያስታግስ የእንክብካቤ ድርጅት መሠረቱ፤ እሳቸውም በ2002 በካንሰር አረፉ።

ድንገተኛ ክፍል ለሚደርስ አንባቢ ደግሞ አንድ ነገር ማወቁ ይጠቅማል። ከአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይናገር በሽተኛ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጅን ወይም ጎረቤትን ማስተርጎም አያስፈልግም፤ ለመጀመር «አማርኛ» የሚለው ቃል ይበቃል።